አውቶማቲክ ጠመንጃና ሕግ

ጠመንጃ ምን እንደሆነ ለእናንተ ማስረዳት «ለቀባሪው አረዱት» እንደሚባለው ነው። ምንሽሩን፣ ውጅግራውን፣ ቤልጅጉን አባቶቻችሁ ያውቁታል። ክላሽም ቢሆን ከቤታችሁ ባይኖር ከጎረቤት አይጠፋም። ስለዚህ የዛሬው ንባባችን ስለ መሣሪያው ብቻ ሳይሆን ስለ ሕጉ ነው። በብዙ አገሮች ሕጉ አንዱን ዓይነት ጠመንጃ ፈቃድ ላወጣ ሰው ሲፈቅድ፣ ሌላውን ዓይነት ግን ወይ ከነጭራሹ ይከለክላል፤ ወይ ደግሞ እጅግ ያጠብቀዋል። ልዩነቱ ከምን ላይ ነው? ከርዝመቱ ነው? ከጥይቱ ትልቅነት ነው? አይደለም። ልዩነቱ ከቃታው ላይ ነው።

እስቲ ሦስት ዓይነት ጠመንጃ እናስብ። የመጀመሪያው በእጅ የሚቀባበለው ነው። አንድ ጥይት ከተተኮሰ በኋላ ቀለሁን ለማውጣትና ሌላ ጥይት ለማጉረስ ተኳሹ ማቀባበያውን ወደ ኋላ ስቦ ወደ ፊት መግፋት አለበት። የድሮዎቹ አብዛኞቹ እንደዚህ ናቸው። ሁለተኛው ግማሽ አውቶማቲክ ይባላል። በዚህኛው ማቀባበሉን የሚሠራው መሣሪያው ራሱ ነው፤ ለሰውየው የቀረለት ቃታ መሳብ ብቻ ነው። ሆኖም ቃታው አንድ ጊዜ ሲሳብ የሚወጣው ጥይት አንድ ነው። ሁለተኛ ለመተኮስ ጣቱን ለቀቅ አድርጎ እንደገና መሳብ አለበት። ሦስተኛው ሙሉ አውቶማቲክ ነው። ቃታው አንድ ጊዜ ተስቦ ከተያዘ፣ ጣት እስኪለቅ ወይም ካዝናው ባዶ እስኪሆን ድረስ ሳያቋርጥ ይተኩሳል። እሩምታ የምንለው ይኸው ነው። መትረየስም ከዚህ ወገን ነው።

ይህ እንዴት ይሆናል? ባሩዱ ሲቃጠል ከፍተኛ ጉልበት ያለው ጋዝ ይፈጥራል፤ ጋዙም እርሳሱን ወደ አፈሙዙ ይገፋዋል። ክላሽንኮቭ ከበርሜሉ ላይ አንዲት ትንሽ ቀዳዳ አለችው። ከጋዙ ጥቂቱ በእርሷ ሾልኮ አንድ ዘንግ ወደ ኋላ ይገፋል። ዘንጉ ወደ ኋላ ሲሄድ ቀለሁ ተጎትቶ ይወድቃል፤ መዶሻውም ወደ ኋላ ይመለሳል። ከዚያ ሞላው ሁሉንም መልሶ ወደ ፊት ሲገፋ አዲስ ጥይት ከካዝናው ይጎርሳል። እስከዚህ ድረስ ግማሽ አውቶማቲኩና ሙሉው አንድ ናቸው። የሚለያዩት መዶሻው ላይ ነው። በግማሹ መዶሻው ተይዞ ጣትን ይጠብቃል። በሙሉው ግን አይጠብቅም፤ ጥይቱ ጎርሶ እንደተዘጋ ወዲያው ይመታል። እንግዲህ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት እፍኝ የማይሞላ ብረት ነው። ክላሽ ሁለቱንም ጠባይ ይዟል። በቀኝ ጎኑ ያለው መቀያየሪያ ወደ ላይ ሲሆን የተቆለፈ ነው፤ መሐል ላይ ሲሆን እሩምታ፤ ታች ሲወርድ ነጠላ።

አሁን ትንሽ ሒሳብ እንሥራ። ክላሽ በእሩምታ ሲተኮስ ፍጥነቱ በደቂቃ 600 ጥይት ያህል ነው። 600ን ለ60 ብናካፍል በሰኮንድ 10 ይሆናል። ካዝናው 30 ጥይት ይይዛል። ሙሉ ካዝና በስንት ሰኮንድ ያልቃል? በ3 ሰኮንድ። በእጅ በሚቀባበል ጠመንጃ ደግሞ የድሮው የእንግሊዝ ጦር ከሠለጠነ ወታደር ይጠብቅ የነበረው በደቂቃ 15 ጊዜ አልሞ መተኮስን ነበር። በዚህ ሒሳብ 30 ጥይት ለመጨረስ 2 ደቂቃ ያስፈልጋል። በ2 ደቂቃ ውስጥ ገበያ ላይ ያለ ሰው መሬት ላይ ይተኛል፤ ከዛፍ ኋላ ይሸሸጋል፤ ልጁን አንሥቶ ይሮጣል፤ ጎበዝ ከተገኘም በስተኋላ ዞሮ ተኳሹን ያንቃል። በ3 ሰኮንድ ይህ ሁሉ የለም። ዞር ብሎ ለማየት እንኳ አይበቃም።

ሌላም ነገር አለ። አውቶማቲክ ተኩስ አልሞ መተኮስ አይደለም። ጠመንጃው በተኮሰ ቁጥር ተኳሹን ይገፋዋል፤ አፈሙዙም ወደ ላይ ይነሣል። በእሩምታ ጊዜ አፈሙዙ ሳይመለስ ሌላው ጥይት ይከተላል። ስለዚህ የመጀመሪያው ጥይት የታለመበት ቢሄድ፣ የሚከተሉት የት እንደሚያርፉ የሚያውቅ የለም። በጦር ሜዳ ይህ ጥቅም አለው፤ ጠላት ቀና እንዳይል ማድረጊያ ነው። አዝመራ ለሚጠብቅ ገበሬ ግን ምን ይፈይድለታል? ከርከሮ ለማባረር አንድ ጥይት ይበቃል። በሠርግና በለቅሶ ወደ ሰማይ የሚለቀቀውም እሩምታ ሰማይ ላይ አይቀርም። ተመልሶ ይወርዳል፤ ከአንዱ መንደር ተተኩሶ ከሌላው መንደር ጣራ ላይ ሊያርፍ ይችላል። ወርዶም ሰው ይገድላል።

ስለዚህ ጉዳይ በአንድ የማታ ንባብ ክፍል ስንነጋገር አንድ ሽማግሌ ከኋላ ተነሥተው፦ «ልጄ፣ እኔ ክላሼን ታች አውርጄ በነጠላ ብቻ ብተኩስ ማንን በደልሁ? ሕጉ የሚያየው ጣቴን ነው ወይስ ብረቱን?» ሲሉ ጠየቁ። ክፍሉ ሳቀ። ጥያቄው ግን የሚያስቅ አይደለም፤ ትልልቅ ዳኞች የተከራከሩበት ነው። መልሱን ለመፈለግ በዚህ ነገር ረጅም የሕግ ታሪክ ያላትን አንዲት አገር እንይ። አሜሪካን ነው። የአሜሪካውን ዓመት ሁሉ የምንጽፈው በአውሮፓ አቆጣጠር መሆኑን ልብ በሉ።

ጆን ቶምሰን የሚባል ጡረታ የወጣ የአሜሪካ ጄኔራል በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ለምሽግ ውጊያ የሚሆን ቀላል አውቶማቲክ መሣሪያ አሠራ። ምን ያደርጋል፤ መሣሪያው ለጦሩ ሳይደርስ በ1918 ጦርነቱ አለቀ። የጦር ሠራዊቱም ብዙ አልገዛውም። ኩባንያው ታዲያ ለሲቪል ሰው ይሸጠው ጀመር። ዋጋው ወደ 200 ዶላር ነበር። በአንዳንድ ከተማ ምስማርና መዶሻ ከሚሸጥበት ሱቅ ይገኝ ነበር ይባላል። በዚያው ዘመን ከ1920 እስከ 1933 በአሜሪካ የሚያሰክር መጠጥ መሥራትና መሸጥ በሕግ ተከልክሎ ስለነበር፣ በድብቅ መጠጥ የሚነግዱ ወንበዴዎች በረከቱ። እነዚህም ቶምሰኑን ወደዱት። በ1929 የካቲት ወር ቺካጎ ከተማ በአንድ ጋራዥ ውስጥ 7 ሰዎች በግድግዳ ላይ ተደርድረው በዚሁ መሣሪያ ተረሸኑ። ከገዳዮቹ አንዳንዶቹ የፖሊስ ልብስ ለብሰው ነበር። አገሩ ተሸበረ።

የአሜሪካ ምክር ቤት በ1934 ሕግ አወጣ። ሕጉ ግን «መትረየስ መያዝ ክልክል ነው» አላለም። ለምን? የአሜሪካ ሕገ መንግሥት ተራውን የወንጀል ጉዳይ በአመዛኙ የተወው ለየክልሎቹ ነው። ማዕከላዊው መንግሥት ግን ግብር የመጣል ሥልጣን አለው። ስለዚህ በዚህ በር ገባ። ማንኛውም መትረየስ ይመዝገብ፤ ከእጅ ወደ እጅ በተላለፈ ቁጥር 200 ዶላር ይከፈልበት፤ ያልከፈለና ያልተመዘገበ ይቀጣ አለ። 200 ዶላር በዚያን ጊዜ የመሣሪያው የራሱ ዋጋ ያህል ነበር፤ በዛሬ ገንዘብ ከ4,000 ዶላር ያልፋል። ግብር ይባል እንጂ ዓላማው ገንዘብ መሰብሰብ አልነበረም፤ ገዢውን ማባረር ነበር። የመጀመሪያው ረቂቅ ሽጉጥንም ይጨምር ነበር፤ በተቃውሞ ብዛት ወጣ። አንድ ነጋዴ ይህ ግብር አይደለም ብሎ ቢከራከር ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1937 አልተቀበለውም።

ያ 200 ዶላር እስከ ዛሬ አልተለወጠም። በ2025 በወጣ ሌላ ሕግ ለድምፅ ማፈኛና ለአጫጭር ጠመንጃዎች ወደ ዜሮ ሲወርድ፣ ለመትረየስ ግን እዚያው 200 ላይ ቀርቷል።

ከዚህ ሕግ ጋር የተያያዘ አንድ ክርክር በደንብ ልታስቡበት ይገባል። ሕጉ ያልተመዘገበ መሣሪያ የያዘ ሰው መጥቶ ያስመዝግብ ይል ነበር። ያልተመዘገበ መሣሪያ መያዙ ደግሞ ራሱ ወንጀል ነው። ታዲያ አንድ ሰው ተይዞ ሲከሰስ፦ «መጥቼ ባስመዘግብ ኖሮ በራሴ ላይ መመስከሬ አልነበረም? ሕገ መንግሥቱ ደግሞ ሰው በራሱ ላይ እንዲመሰክር አይገደድም ይላል» ብሎ ተከራከረ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በ1968 ረታህ አለው። ምክር ቤቱ በዚያው ዓመት ሕጉን አሻሻለ። ለምዝገባ የሰጠውን ቃል ለክስ መጠቀም ተከለከለ። ከዚህም በላይ 30 ቀን ያህል የምሕረት ጊዜ ተሰጠ፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ መሣሪያውን ይዞ የቀረበ ሰው ከየት አመጣኸው ሳይባል ይመዘገብለት ነበር። እኔ ከሕጉ ሁሉ ይበልጥ ብልኅነት ያየሁት በዚህ ላይ ነው። ሰው እንዲመዘገብ የሚፈልግ መንግሥት አስቀድሞ የመዝገቡን ፍርሃት ማንሣት አለበት።

በ1986 ደግሞ ሌላ መጣ። የዚያ ዓመት ሕግ በጠቅላላው ሲታይ ለመሣሪያ ባለቤቶች የሚያላላ ነበር። ነገር ግን ሂዩዝ የተባለ የኒው ጀርሲ ተወካይ ያቀረበው አንድ አንቀጽ ገባበት። ከግንቦት ወር 1986 በፊት በሕግ ያልተያዘ መትረየስ ከዚያ ወዲያ በሲቪል ሰው እጅ ሊገባ አይችልም የሚል ነው። የድሮዎቹ ግን ለባለቤታቸው ተተዉ፤ መሸጥ መለወጥም ተፈቀደ። ብዛታቸው ወደ 175 ሺህ ገደማ ነው። አዲስ አይጨመርም፤ ፈላጊው ግን አይቀንስም። ስለዚህ ዋጋው በአሥር ሺዎች ዶላር ደረሰ። ዛሬ ከእነዚህ አንዱን የሚገዛ አሜሪካዊ የጣት አሻራና ፎቶግራፍ ይሰጣል፤ ይመረመራል፤ ይጠብቃል፤ ግብሩን ይከፍላል። ያለ ምዝገባ የተገኘበት እስከ 10 ዓመት ሊታሰር ይችላል። በሕግ ተመዝግበው በተያዙት መትረየሶች የሚፈጸም ወንጀል እጅግ ጥቂት ነው። ሆኖም በእኔ አስተያየት አንድ ጉድለት አለበት። ሀብታሙ ይይዛል፤ ድሃው አይይዝም። አደገኛ ነው ከተባለ በሀብታም እጅም አደገኛ ነው። ምናልባት ሀብታሙ በደንብ ይጠብቀው ይሆናል የሚሉም አሉ፤ እኔ አልተዋጠልኝም።

አሁን ወደ ሽማግሌው ጥያቄ እንመለስ። የአሜሪካው ሕግ መትረየስ ማለት ቃታው አንድ ጊዜ ሲሠራ፣ በእጅ ሳይቀባበል፣ ከአንድ ጥይት በላይ የሚተኩስ ማለት ነው ይላል። በዚህም አያበቃም። እንዲህ እንዲተኩስ ተደርጎ የተሠራውን፣ በቀላሉም ወደዚያ ሊመለስ የሚችለውን፣ ከ1968 ወዲህ ደግሞ ለመለወጫ የሚሆነውን ዕቃ ብቻውን እንኳ መትረየስ ይለዋል። ስለዚህ መቀያየሪያውን ታች አውርዶ በነጠላ ብቻ መተኮስ አያድንም። ሕጉ የሚያየው ብረቱን ነው፤ ብረቱ የሚችለውን ነው።

ነገሩ ግን በዚህ አላለቀም። በ2017 ጥቅምት 1 ቀን ላስ ቬጋስ ከተማ ውስጥ አንድ ሰው ከሆቴል 32ኛ ፎቅ ላይ ሆኖ ሙዚቃ ለመስማት በተሰበሰበ ሕዝብ ላይ ተኮሰ። በ10 ደቂቃ ያህል ውስጥ ከ1,000 በላይ ጥይት ተኩሶ 60 ሰው ሞተ፤ በመቶ የሚቆጠርም ቆሰለ። ጠመንጃዎቹ ግማሽ አውቶማቲክ ነበሩ። ታዲያ እንዴት እንዲህ ተኮሱ? በሰደፋቸው ላይ አንድ መሣሪያ ተገጥሞባቸው ነበር። ይህ ዕቃ ጠመንጃው በራሱ ግፊት ወደ ኋላና ወደ ፊት እንዲንሸራተት ያደርጋል። ጣቱ ባለበት ቆሞ ይቆያል፤ ሌላው እጅ ጠመንጃውን ወደ ፊት ይገፋል፤ ጠመንጃው በተንሸራተተ ቁጥር ቃታው እየሄደ ጣቱን ይነካል። ሰሚ ቢሰማው ከእሩምታ አይለየውም።

መንግሥት በ2018 ይህ ዕቃ መትረየስ ነው ብሎ ደንብ አወጣ። የያዙትም እንዲያስረክቡ ወይም እንዲያጠፉ ታዘዙ። ጉዳዩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሄደ። በ2024 ሰኔ ወር ከዘጠኙ ዳኞች ስድስቱ መትረየስ አይደለም ብለው ፈረዱ። ምክንያታቸው፣ ጣቱ ባይንቀሳቀስም ቃታው ለእያንዳንዱ ጥይት ለየብቻ ይሠራል፤ ሕጉ የሚለውም ስለ ቃታው ነው የሚል ነው። ውሳኔያቸው ላይ የቃታውን ሥዕል ሳይቀር አያይዘዋል። ሦስቱ ዳኞች ግን ተቃወሙ። ሰውየው የሚያደርገው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ከዚያ በኋላ ጥይቱ ይጎርፋል፤ ይህ መትረየስ ካልተባለ ምን ሊባል ነው አሉ። እንግዲህ ሽማግሌው «ጣቴን ወይስ ብረቱን» ያሉት ነገር ዋሽንግተን ድረስ የሄደ ነው። ከስድስቱ አንዱ ዳኛ ምክር ቤቱ ከፈለገ ሕጉን ማሻሻል ይችላል ብሎ ጨምሯል። አንድ ቃል በሕግ ውስጥ መኖሩና አለመኖሩ ምን ያህል እንደሚያሳድር ከዚህ ማየት ይቻላል።

በሽጉጥ ጀርባ የምትገጠም የሳንቲም ያህል ትንሽ ብረትም አለች። ግማሽ አውቶማቲኩን ሽጉጥ ወደ ሙሉ ትለውጠዋለች። ይህችኛዋ ላይ ክርክር የለም፤ ያለ ሽጉጥ ብቻዋን ኪስ ውስጥ ብትገኝ በሕጉ መትረየስ ናት። ይሁንና በቅርብ ዓመታት በአሜሪካ ከተሞች ፖሊስ በብዛት የሚይዛት እርሷን ሆኗል።

የሌሎቹን አገሮች ባጭሩ እንለፍ። እንግሊዝ በ1937 ሕጓ ሙሉ አውቶማቲኩን ለሲቪል ሰው ከለከለች። አውስትራሊያ በ1996 በአንድ ሰው 35 ሰዎች ከተገደሉባት በኋላ፣ ኒው ዚላንድም በ2019 51 ሰዎች ከተገደሉባት በኋላ፣ ብዙውን ግማሽ አውቶማቲክ ጠመንጃ ጭምር ከለከሉ፤ ከሕዝቡም በገንዘብ እየገዙ ሰበሰቡ። አውስትራሊያ ብቻ ወደ 650 ሺህ ገደማ ሰብስባ አጥፍታለች። ለእኔ ከሁሉ የሚጥመኝ የስዊዘርላንድ ነው። እዚያ ወጣቶች ለውትድርና ይጠራሉ፤ ጠመንጃቸውንም ቤታቸው ያስቀምጣሉ። አገልግሎቱ ሲያበቃ ጠመንጃዬ ይቅርልኝ የሚል ፈቃድ አውጥቶ ማስቀረት ይችላል። ግን መሣሪያው አስቀድሞ ወደ ግማሽ አውቶማቲክ ይለወጣል። ወታደር ሳለ የነበረው እሩምታ ሲቪል ሲሆን አይከተለውም።

በአገራችንስ? የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በ2012 ዓ.ም. የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012ን አውጥቷል። በዚህ አዋጅ መሠረት ማንም ሰው ያለ ፈቃድ የጦር መሣሪያ መያዝ አይችልም፤ የመቆጣጠሩም ኃላፊነት ለፌዴራል ፖሊስ ተሰጥቷል። መሣሪያ መያዝ ልማድ በሆነባቸው አካባቢዎች ቀድሞ በእጃቸው ያለ ሰዎች አስመዝግበው ፈቃድ እንዲያወጡ አዋጁ መንገድ አሳይቷል። መሣሪያ በሕገ ወጥ መንገድ የሚነግድ ደግሞ በወንጀል ይጠየቃል።

የእኛን አገር ነገር የሚያከብደው ከገበሬው እጅ ያለው አብዛኛው መሣሪያ ከአባት የወረሰው ምንሽር ሳይሆን ክላሽ መሆኑ ነው። ክላሽ ደግሞ ከላይ እንዳየነው በተፈጥሮው እሩምታ የሚችል ነው። ሰውም ለምዝገባ የማይመጣው ሁልጊዜ ሕግን ንቆ አይደለም። «ዛሬ ቢመዘግቡኝ ነገ መጥተው ይወስዱብኛል፤ እኔ አስመዝግቤ ጎረቤቴ ደብቆ ቢይዝስ? ሌሊት ሌባ ቢመጣ ማን ይደርስልኛል?» ይላል። ይህን ሥጋት ማንቋሸሽ አይገባም። የአሜሪካው የ1968 ክርክር የሚጠቅመን እዚህ ላይ ነው። መዝጋቢው ለምን እንደሚመዘግብ፣ መዝገቡ ለምን እንደማይውል በግልጽ ሊናገር ይገባዋል። ተመዝጋቢውም የተሰጠው ወረቀት ላይ ምን እንደተጻፈ አንብቦ መረዳት አለበት። እስካሁን ስንቱ ሰው አንብብልኝ እያለ ወረቀቱን ይዞ ሲዞር፣ ያነበበለት ሰው የነገረውን አምኖ ይመለስ ነበር!

ስለዚህ ፈቃድ ያላችሁ ሰዎች ለሚቀጥለው ትምህርት ይህን ሥሩ። መጀመሪያ አፈሙዙን ሰው ወደሌለበት አዙሩ፤ ካዝናውን አውጡ፤ ማቀባበያውን ስባችሁ የጎረሰ ጥይት አለመኖሩን በዓይናችሁም በጣታችሁም አረጋግጡ። ልጆች በአጠገባችሁ አይኑሩ። ከዚያ በብረቱ ላይ የተቀረጸውን መለያ ቁጥር ፈልጋችሁ ቁጥር በቁጥር ወደ ደብተራችሁ ገልብጡ። ከቁጥሩ ጋር ያሉት ፊደሎች የባዕድ ከሆኑ ቅርጻቸውን እንዳለ ሣሉት። ቀጥሎ የፈቃድ ወረቀቱን አውጡና በእርሱ ላይ የተጻፈውን ቁጥር ከሥሩ ጻፉ። ሁለቱን አስተያዩ። የመሣሪያው ዓይነት የተጻፈበትንም መስመር ጮክ ብላችሁ አንብቡ። አንድ ቁጥር እንኳ ተሳስቶ ብታገኙ፣ በኬላ ላይ ሌላ ሰው ሳያገኘው በፊት፣ ደብተራችሁንና ወረቀቱን ብቻ ይዛችሁ ወደ ሰጣችሁ ጽሕፈት ቤት ሂዱ። መሣሪያውን ቤት ተዉት።